ጃንጥላ ጠጋኟ ለኤሊሴዮ

ና ግባ፣ ኤሊሴዮ፣ ጫማህን አራግፍ፤
ዝናቡ አያቆምም፣ ቁጭ በል እስኪያልፍ።
«ሱቅ ልከፍት ነው» አልከኝ፣ «ምክርሽን ስጪኝ»፤
ምክር ርካሽ ነው፣ ይልቅ ይህን ሽቦ ያዝልኝ።

የቫልዲቪያ ሰማይ መቼም ወንፊት አይደል?
ንፋሱም ከወንዙ ሲነሣ ጃንጥላ ሲገነጥል፣
ያየ ሁሉ «አዲስ ሽጪ!» ይለኝ ነበር፤
እኔ ግን ያየሁት በየጥጉ የቀረውን ስብር፦
አንድ አጥንቱ የጎደለ፣ ጨርቁ ገና ጤነኛ፣
ከበር ኋላ የቆመ፣ ወጌሻ የሚጠብቅ በሽተኛ።
ሱቅ ከዚህ ይጀምራል፣ ለመጣል ከሚያሳሳ ዕቃ፤
ካዝናው ኋላ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ዓይንህ ይንቃ።

እኔስ ምን አደረግሁ? መጀመሪያ ሰሌዳ!
ሰማያዊ ቀለም፣ የወርቅ ፊደል፣
ግማሹ ቁጠባዬ ሄዶ፣ ለሌላው ግማሽ ዕዳ።
ደስ ይል ነበር ስሜ ከማዶ ሲነበብ፤
ጉጠት ግን የለኝም፣ ክር የለኝም፤
ለገባው ደንበኛ ፈገግታ ነበር የምመግብ።
ስለዚህ ጉጠት ግዛ። ጥሩውን። ሰሌዳው ይቆይህ፤
ስምህን በካርቶን ጻፈው፤
ዝናቡ ቢያጥበውም፣ ሰው ያውቅሃል በእጅህ።

እዚያ መደርደሪያው ላይ፣ ሁለት ቆርቆሮ አለ፣ ያውና፣ እዚያ፤
አንዱ የሱቁ ነው፣ አንዱ የኦርቴንሲያ።
ሱቁ ደመወዝ ይከፍለኛል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ፤
ማክሰኞ ቢርበኝ ግን አልነካውም፣
ሾርባዬን አቅጥኜ አድራለሁ ከርሜ።
ትስቃለህ። ባሌም ይስቅ ነበር፣ ነፍሱን ይማር፤
ከአንድ ኪስ ሲበላ፣ ሲነግድ፣ ሲያበድር፣
ጀልባችን የማን እንደሆነች የገባን
አበዳሪው መጥቶ ገመዷን የፈታ ቀን።

ዱቤን ደግሞ ልንገርህ።
ከዓሣ ተራው ጀርባ፣ ያን የባሕር አንበሳ፣ ያን ወፍራሙን፣
ዶሚቲላ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣
ወርውራለት ነበር የሳልሞን ራሱን፤
ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ በየጠዋቱ ደረጃውን ወጥቶ
ይጮኽባታል፣ እንደ ባለ መብት፣ አፉን ከፍቶ።
አትስጥ አይደለም የምልህ፤ ያጣ ሰው ይመጣል፤
የሰጠኸውን ስጦታ በለው፣ ያበደርኸውን ጻፈው፤
ያልተጻፈ ዱቤ ወዳጅ ያሳጣል።

ዋጋህን ስትናገር አትሳል። መሬት አትይ።
«ሁለት ሺህ ፔሶ... ካልበዛብዎ...» እያልሁ ስንተባተብ
ስንት ክረምት ሰረቅሁ፣ በገዛ አፌ፣ የራሴን ሲሳይ!
«ዋጋው ይሄ ነው» በልና ዝም በል፤
ያልተስማማው እንደሆን፣ ወጥቶ ከዝናቡ ጋር ይማከራል።

ከዚያ ጥር ይመጣል።
ማንም ያልነገረኝ ይሄን ነው። ሰማዩ ይገለጣል፤
ከተማው በሙሉ ደረቱን ከፍቶ ሲሄድ፣
እኔ በሬ ላይ ቁጭ ብዬ ደመና ስለምን አየኝ ቄሱ፤
«ኦርቴንሲያ፣ የሰዉን ፀሐይ ልትወስጂበት ነው?»
አለኝና ሳቀ ለራሱ።
ሰባት ሳምንት። የእኔ ቆርቆሮ ባዶ፤ የሱቁ፣ ሳንቲም ሦስት።
በስምንተኛው አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ፣
ወንበር ተሸክሞ፣ ሸራው የተቀደደበት።
«እኔ ጃንጥላ ነው የምጠግነው» ልለው አፌን ከፈትሁ፤
ሸራውን አየሁ።
ሽቦውን አየሁ።
አፌን መልሼ ዘጋሁ።

ያን በጋ ወንበር ሰፋሁ፣ የጀልባ ጣራ ሰፋሁ፣
አንድ የሰርከስ ድንኳንም፤
በሬ ስለጠበበው ጎዳና ላይ ዘረጋሁት፣
የሰፈሩ ልጆች ሆዱ ውስጥ ሲሯሯጡ እየተቆጣሁ።
ብቆጣም፣ እውነቱን ልንገርህ፣
እንደዚያ ቀን ሱቄ ትልቅ ሆኖ አያውቅም።

ዝናቡ ቀጠነ። ሽቦውን ልቀቀው፣ ይዟል።
ለመሆኑ የምን ሱቅ ነው? እስካሁን አልጠየቅሁህም።
ቆይ፣ አሁን አትንገረኝ፤ ስትመለስ ይሻላል።
ይህን ጃንጥላ ለዶሚቲላ አድርስና
ሁለት ሺህ አምስት መቶ ፔሶ ተቀበል፤
መሬት ሳታይ። ሳትስል።