የሰኞ ቀሪ

ሞሚና ዝም አለች፣ "ሀ" ብላት፣ "ሁ" ብላት፤
በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ ሰጠኋት።
ሰኞ ሰኞ ደግሞ ስም ስጠራ የለች፤
"ምን ትልመድ?" አልሁ ለራሴ፣ "እንዲህ እየቀረች።"

ጠመኔ ቢያልቅብኝ፣ አንድ ሰኞ ቀትር፣
ባቲ ገበያ ወረድሁ፤ ከግመል ተራው በር
አባቷ ጎን ቆማ፣ ሂሳብ ስትደምር፣
ጣት ሳታጥፍ፣ በቃሏ፣ ያለ አንዲት ጠጠር፤
ለአፋሩ በአፋርኛ፣ ለኦሮሞው በኦሮምኛ፣
ለደላላው ባማርኛ፦ "ኧረ አታሞኘኛ!"

ማክሰኞ፣ ባዲስ ጠመኔ፣
ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ ብለን "ሌ" ላይ ስንደርስ ሳቀች፤
"ጋሼ፣ እሱማ ውሃ ነው፣ በኛ ቤት" አለች።

በዚያ ሐሩር፣ ስልሳው ልጅ፣
"ሌ! ሌ!" አለ ተጠምቶ።
ዜሮው ግን አልፋቅ አለኝ፤
ክፉ ነው እስክሪብቶ።