ቁጥር አራት

ጥያቄ ቁጥር አራት፤ «ንፋስ ማለት ምን ነው?»
መልሱ ገጽ ሠላሳ፣ እኔው ያጻፍኋቸው፤
«የሚንቀሳቀስ አየር»፣ ሁለት ቃል፣ አንድ ነጥብ፤
ሃምሳ ስምንቱ ልጆች ሞሉት ያለ ሐሳብ።
ሸምሲያ ብቻ ጻፈች፣ በሚንጋደድ ፊደል፦
«ሰው ያልገባበት ቀሚስ ሰኞ ገበያ መሐል
ብቻውን ሲጨፍር፣ እሱ ንፋስ ይባላል።»

ኤክስ አደረግሁበት። እጄም አላመነታ፤
ሌላ ክፍል ቀርቶኛል የሚታረም ለማታ።

አመሻሽ ላይ፣ ደሴ፤ ከጦሳ የወረደ
ቅዝቃዜ በየደጁ ጉም እየነዳ ሄደ፤
ይማም ልብስ ሰፊው በር ላይ የሰቀለው ቀሚስ
እጅጌውን ዘረጋ፤ ትከሻው እስክስ እስክስ።
ሰው የለበትም።
ቆሜ ቀረሁ። ባጃጁ አመለጠኝ።
ሃያ ዓመት ንፋስን በጠመኔ ሳስተምር
መስኮቱ ዝግ ነበር።

ላጲስ ቀይ አይነካም። በምላጭ ብፍቀው
ወረቀቱ ሳሳ፣ ኤክሱ ግን ያው ነው፤
ከአራቱ ጫፎቹ አራት ክንፍ ጎተትሁ፣
ከሥር እንጨት ሰካሁ፣
ሽክርክሪት አረግሁት። ማርኩን ግን ረሳሁ።

ጠዋት ስመልስላት ማርኳን አልጠየቀች፤
አየችው፣ አየችኝ፣
ከንፈሯን አሞጥሙጣ
እፍ አለች።