ያበጠ በር

ኒውሊን፣ ከባሕሩ ዳር፣ የአባቴ ቤት በሩ
ጨዋማ ጉም ጠጥቶ፣ አብጦ ከነዳሩ፣
ቁልፍ ብቻ አይከፍተውም፤ እጀታውን አንስቶ
በትከሻ መግፋት ነው፣ ጎንን አስጠግቶ።
አባቴ በየሐምሌው በመላጊያ ቢያሳሳው
የጥር ጭጋግ መልሶ ነፍቶ ነው የሚያነሳው።

ፍርድ ቤት አሥራ አንድ ወር መዝገብ አገላብጦ፣
የአባቴን መጠሪያ «ሟች» በሚል ለውጦ፣
ጻፈ ያለውን ሁሉ፦ ጀልባ፣ ሰዓት፣ ወንበር፣
የባንክ ቅሪት ገንዘብ፣ መጥረጊያ እንኳ ሳይቀር።
የበሩ ዘዴ ብቻ መዝገቡ ላይ የለም።

ሎዌና «ይሸጥ» ስትል፣ ዴንዚል አቀርቅሮ
«ብዕሩ አይጽፍም» አለ፣ ሦስት ብዕር ሞክሮ።

ደላላው ገዥ አምጥቶ ከበሩ ሲታገል
ከፈትኩት በትከሻ፤ ዝም አልኩ፣ ምን ልበል?

ቁልፉ ሄደ፤ ዋጋው ለሦስት ተከፈለ።
ፕሊመዝ ስገባ ማታ፣ ዝናቡ እያየለ፣
የኪራይ ቤቴን እጀታ አንስቼ
በትከሻዬ ገፋሁ፤
ወለል አለ፣ ምንም ሳይዘው።
ለጥቂት ነው ያልተደፋሁ።