ደረቅ ማንኪያ

ዳቶ ነበር ቤታችን፣ ስድስት ሴቶች ባንድ በር፤
ቀን ሸሚዝ ሲሰፋ የዋለ እጅ ማታ ሲሰነጣጠቅ ያድር።
ጨርቁ ወዛችንን መጥጦ ጣታችንን ያደርቃል፤
የማናውቀው አገር ሰው ሸሚዙን ለብሶ ያጌጣል።

ቅባት ልሥራ ያልኩት እኔ ነኝ።
ከይርጋለም የመጣ አቮካዶ፣ ሲራገፍ የተፈነከተ፣
ሻጭዋ «ውሰጂው» ያለችኝ፣ ማንም ዞሮ ያላየው፣
ፀሐይ ላይ አስጥቼ፣ በሻሽ ጨምቄ፣ ጠብ ጠብ ሲል ያደርኩበት።
ሰም፣ ከማር ሻጭ፣ የንብ ክንፍ የቀረበት።
(ሰም ስል ሰም ነው፤ ወርቅ አትፈልጉበት።)
እሬት ደግሞ ከግቢው አጥር፣ ቆርጬ፣ ቢጫውን አንጠፍጥፌ፣
ውስጡን እንደ ዓሣ ሥጋ በማንኪያ ገፍፌ።

ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ አሥራ ስድስት ሰበሰብኩ፤
አጠብኩ፣ በቀሚሴ ጫፍ ወለወልኩ፣ ሞላሁ፣ ከደንኩ።
መልኩ ከዝናብ በኋላ ታቦርን የሚመስል፣
ሽታው የጥብስ ቅጠል።

ዘጠኙን ሸጥኩ። አንዱን፣ ለክፍላችን፣ መስኮቱ ላይ አኖርኩ።
አንዱን ለእታፈራሁ ሰጠሁ፣ ልታገባ ነው፣
«ለፊትሽ» አልኳት፣ ገንዘብ አልቀበልም ብዬ፣ ኮርቼ።

በዘጠነኛው ቀን እታፈራሁ መጣች፤
ቃል አልወጣትም፤ ብልቃጡን ከፍታ ቆመች።
ግራጫ ጸጉር አብቅሏል፣ እንደ አይጥ ግልገል ጀርባ፤
ሽታው የአሞራ ገደል፣ ዓሣው ሳይሸጥ ፀሐይ ስትገባ።
ጉንጭዋ ላይ ሦስት ቀይ ነጠብጣብ።
ለሠርጓ አሥራ አንድ ቀን።

የክፍላችንንም ከፈትነው። እሱም ያው።
እኔም ጣት ለመቀሰር ማን ቀድሞኝ?
«ሲፈን ናት!» አልኩ። «ራሷን ታጥባ፣ እርጥብ ጣቷን ትነክራለች!»
«እታፈራሁም ዘንድ ሄዳ እንዲሁ ሳታደርግ አትቀርም!»
ሲፈን አላለቀሰችም። እጇን አየች፤ ገልብጣ አየች።
ማታ ፍራሿን ጎትታ ወደ በሩ ወሰደች።

እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ከአልጋ ሥር ያልተሸጡትን አወጣሁ፤
አምስት ብልቃጥ፣ ሰው ያልነካቸው።
አንዱን ከፈትኩ። ጸጉር።
ሁለተኛውን። ጸጉር።
አምስተኛውን እጄ እየተንቀጠቀጠ።

አቶቴ ፋርማሲ ያሉት አቶ ዳንጊሶ
መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ።
«ብልቃጡን ቀቅለሽ ነበር?» አልቀቀልኩም።
«በምን አደረቅሽው?» ቀሚሴን አየሁ።
«እሬት ማለትኮ ውሃ ነው፣ ልጄ፤
ውሃ ካለ ነዋሪ አይጠፋም፤ ሐይቃችንን እያየሽ!»
«ቫይታሚን ኢ ጠብ ባደርግበትስ?»
«ዘይቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ ሻጋታን ግን አይነካውም።
መከላከያ ካልጨመርሽ፣ ፍሪጅ፣ ያውም ለሳምንት።»
ፍሪጅ! እየሳቅኩ ወጣሁ።
እኛ ሰፈር መብራቱ ራሱ ሳምንት አይቆይም።

የዘጠኙን ገንዘብ መለስኩ፤ ግማሹን ተበድሬ።
ቅባቱን ከግቢው ጀርባ ቀበርኩት።
የጎረቤት ውሻ ቆፍሮ ላሰው።
አልሞተም። ጸጉሩ አበራ።
ይህን ለማንም አልነገርኩም።

አሁን እሬት የለም። ዘይትና ሰም ብቻ።
ብልቃጡ ሃያ ደቂቃ ይንተከተካል፤ ክዳኑም፤
ተደፍቶ ያድራል፤ ጨርቅ አይነካውም፤
ጠዋት ብርሃን ላይ አንሥቼ አያለሁ፣ ጤዛ ካለ ተመልሶ ይደርቃል።
በቁስል ፕላስተር ላይ ቀኑን እጽፋለሁ፦
የተሠራበትን፣ የሚጣልበትንም።
ሰው «የሚጣልበት» የሚለውን ሲያይ ቅር ይለዋል። ይበለው።

የእታፈራሁን ሠርግ በፎቶ አየሁት።
ጉንጭዋ ጠርቷል። አልተጠራሁም።

የመጀመሪያውን ብልቃጥ ለሲፈን ይዤ ሄድኩ፣ በሩ ሥር።
«ይቅርታ» የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደ ሰም ረግቶ፣
«ጣትሽን ክተቺበት» አልኳት፣ «ግድ የለም፣ ክተቺ።»

እጇን በፎጣ አደረቀች።
እንደገና አደረቀች።
ከዚያ ከትራሷ ሥር
በወረቀት የተጠቀለለ
ደረቅ ማንኪያ አወጣች።