አለኝ እና አለብኝ

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ኑረንበርግ ሳትነቃ፣
ከምድጃው በር ላይ ተረክቤ ዕቃ
የሄር ፕፋይፈርን ዳቦ መኪናዬ ላይ ጫንኩኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት በዚህ ሽታ ኖርኩኝ።
«እንጀራዬ ዳቦ ነው» እያልኩ እቀልዳለሁ፤
ማን ይገባዋል እዚህ? ብቻዬን እስቃለሁ።

በመስከረም ነበር እግሬ የደነዘዘኝ፣
ብጠጣ ብጠጣ ጥሜ አልቆርጥ ያለኝ።
ሐኪሟ ወረቀት ከፊቴ ዘርግታ
አንዱን ቁጥር ከበበች፣ ዝም አለች ለአንድ አፍታ።
ለአልጋነሽ ደወልኩ፤ «ስኳር አለብኝ» አልኩ፤
ቃሉ ካፌ ወጥቶ ሲርቅ አደመጥኩ።

ስኳር አለኝ ቢሉ፣ ሀብት ነው፣ ሙሉ ጓዳ፤
ስኳር አለብኝ ግን፣ ከነወለዱ ዕዳ።
አንዲት «ብ» ናት መሃል፣ አንዲት ትንሽ ፊደል፣
ጌታን ከባለ ዕዳ ቆማ የምትነጥል።

ፍራው ሂልትሩድ ትባላለች የምግብ መካሪዋ፤
ጠረጴዛዋ ላይ የፕላስቲክ ጓዳዋ፦
የፕላስቲክ ድንች፣ የፕላስቲክ ሩዝ፣
ከቁራሽ ዳቦ ጋር የፕላስቲክ ሙዝ።
በጣቷ ገፋቻቸው አንድ በአንድ ወደ ዳር፤
መሃሉ ላይ ቀረ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ሳር።
ሰላጣ ነው ስሙ፤ ሳር ያልኩት እኔ ነኝ፤
«ፍየል አደረግሽኝ» ብላት ፈገግ አለችልኝ።
«ዳቦም» አለች «ሆድህ ሲገባ ስኳር ነው፤
ምላስ ባያውቀውም ደምህ ነው የሚያውቀው።
ስትተወው ደግሞ ኪኒኑም ይታያል፤
ለሐኪሟ ንገር፤ መጠኑ ይለያል።»
የፊቱን ያዝኩና የኋላውን ጣልኩት፤
በአንድ ጆሮ ገብቶ በአንዱ አሳለፍኩት።

ከዚያ ጾሙ ገባ፣ የነቢያት ጾም።
ዳቦው ስለ ስኳር፣ እንቁላሉ ስለ ጾም፣
ምን ቀረኝ? ጎመን። ጎመን ጠዋት፣ ጎመን ማታ።
«ጎመን በጤና» ያለው ሰው ይምጣና
ይቀመጥ ከእኔ ተርታ!
አባ ጽጌ ከፍራንክፈርት በስልክ ፈቀዱልኝ፤
«ለታመመ» አሉ፤
«ታምሜያለሁ» ማለት አቃተኝ።

ለገና ገበያ የማር ዳቦ ጭኜ፣
በቅርንፉድ፣ በቀረፋ ሽታ ታፍኜ፣
ኪኒኔን ውጬ፣ ሆዴ ባዶውን፣
ልሻገር ስል የፔግኒትዝን ድልድይ፣ ያን ጠባቡን፣
ላብ። በታኅሣሥ ብርድ።
መሪው እጄ ውስጥ ይርድ።
ቀዩ መብራት ሦስት ሆነ፤ ከንፈሬ ደነዘዘ፤
መኪናውን ከዳር ጣልኩ፤ ጉልበቴ ፈዘዘ።
ያ የሸሸሁት፣ ያ ባለጋራዬ፣
ሄዶ ነበር ከደሜ፣ ጥሎኝ በመንገዴ።

ሳጥን ቀደድኩ። ገመዱን በጥርሴ በጠስኩ።
አንድ ልብ አወጣሁ፣ ከማር የተጋገረ፣
«ለውዴ» የሚል ቃል በነጭ የሰፈረ።
እሱም ስኳር አለበት፣ እንደ እኔው፣ ብዬ ሳቅሁ፤
እያለቀስኩ መሰለኝ፤ «ለው»ን ገምሼ ዋጥሁ።
«ዴ» ብቻዋን ቀረች መስታወቱ ሥር፣
መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን፣ ሲቀላ፣ ሲሰወር።

ሐኪሟ ሰማችኝ፤ ኪኒኑን ቀነሰች፤
«ለምን አልነገርከኝም?» ብቻ ነው ያለች።
ሄር ፕፋይፈር ከደመወዜ ቆረጠ አራት ዩሮ ከሃምሳ፤
«ልብ፦ አንድ» ይላል ደረሰኙ፤ አልጣልኩትም፣ እንዳልረሳ።
አባ ጽጌም ሳቁና
«እንቁላሉን ብላ፣ ትዕቢቱን ጹም» አሉኝ፤
አልጋነሽ በማግስቱ ሁለት ቀቅላ ሰጠችኝ።

ዛሬም ዘጠኝ ሰዓት ነው። ዳቦው ከኋላዬ ይሞቃል፤
እጄ ይጭነዋል እንጂ አፌ መቅመሱን ትቷል።
አንዳንዴ ቅርፊቱ ሲሰነጠቅ ይሰማኛል፣ ያጓጓኛል፤ ምን ልዋሽ?
ስኳር አለብህ ወይ ቢሉኝ፣ አዎ፣ አለብኝ፤
ደረት ኪሴ ውስጥ ግን፣ በወረቀት የተጠቀለለ፣
ለክፉ ቀን፣
ሁለት ፍሬ አለኝ።