የወንዙ ቁመት

ከወፍጮ ቤታችን፣ ከበሩ በስተቀኝ፣
ጥቁር ድንጋይ አለ፣ ባቶ የተወልኝ።
አያቴ በመሮ፣ ጫረ በያመቱ
የካቡርን ቁመት፣ እስከ'ለተ ሞቱ።

የፊተኛው ጭረት፣ ካንገቴ በላይ ነው፤
ድንኳን ባስተከሉን፣ ያን ዓመት የሠራው።
በእናቱ ጀርባ ላይ፣ ከሐካሪ ወርዶ፣
አባቱ ሲሜሌ፣ በነሐሴ ታርዶ፣
በበሬ ጅራት ላይ፣ ጤግሮስን ተሻግሮ፣
እዚህ ሲያሰፍሩት፣ ንብረቱ አንድ መሮ።
«ይኼ ሰፈር» አሉት፣ «ለጊዜው ነው» አሉት፤
የፈረንሳይ ሹሞች፣ ካርታ ላይ አሳዩት።
ለጊዜው ቤት ሠራ፣ ለጊዜው ስንዴ ዘራ፣
ለጊዜው አገባ፣ ሰባት ልጅ አፈራ።
እናቱ ሞተችና፣ ቀበራት ካቡር ዳር፤
ያኔ፣ ያኔ ብቻ፣ ሰፈሩ ሆነ አገር።

አንዱ ጭረት ከሁሉ ልቆ፣ ከራሴ በላይ አለ፤
ያን ዓመት ካቡር የወፍጮውን መዘውር፣ ሦስት በግ፣
የአክስቴን የሱርማን የጥሎሽ ሣጥን ይዞ ኮበለለ።
ዛሬም ከሲድኒ ስትደውል
«ያ ሣጥን ተገኘ?» ትለኛለች፤ ትስቃለች፤
ከዚያ ትንሽ ዝም ትላለች።

ከዚያ ወዲያ ጭረት፣ ቁልቁል ቁልቁል ሄደ፤
ላይኞቹ ጥጥ ዘሩ፣ ጉድጓድ ማሱ፣ ሞተር ነጐደ።
ወገቤ ጋ። ጉልበቴ ጋ። ቁርጭምጭሚቴ ጋ።
ባቶ መጀመሪያ ጎንበስ ብሎ፣ ኋላም ተንበርክኮ፣ መሮውን ሲያስጠጋ
ጸሎት የሚያደርስ ይመስል ነበር።
ውሃው ሲያንስ ጊዜ፣ ልጆቹም አነሱ፤
ግማሹ ቺካጎ፣ ግማሹ ስዊድን ደረሱ።

ጦርነቱ ሲመጣ የማን እንደሆንን
ድልድዩ ላይ ያለው ባንዲራ ይነግረን ነበር፤
በስድስት ወር ሦስት ጊዜ ተለወጠ።
በጾሙ ሰሞን፣ ጎህ ሳይቀድ፣ ጥቁሩ መጣ።
ዛያን ከነሌሊት ልብሱ ወሰዱት።
መምህርት ሻሚራምን፣ መነጽሯን በዳበሳ ስትፈልግ።
ወንድሜን ኢሾን፣ የሞተር መፍቻ በእጁ እንደያዘ።
እኔ ማዶ ነበርኩ፣ ዱቄት ልገዛ ሄጄ።
ዱቄት! የወፍጮ ቤት ልጅ!
ካቡርም፣ ስንት ዓመት ለምነነው እንቢ ያለው፣
ያን ክረምት ሳንጠራው ሞልቶ
በእኔና በእነሱ መካከል ይጮህ ነበር።
እሱን ቁመት አልጫርኩትም።

ዓመት ሙሉ ሰው በገንዘብ ተመነዘረ።
በሲድኒም በቺካጎም በየቤተ ክርስቲያኑ ሰሐን ዞረ።
ሱርማ የልጇን የሠርግ ወርቅ ሸጠች፤
እንግዲህ ሁለት ጥሎሽ በላባት፣ ይኼ ወንዝ።
ዛያ ተመለሰ።
ሻሚራም ተመለሰች፤ መነጽር ገዛንላት፤ አታደርገውም።
ኢሾ፦

ደወሉን ስንዴ መሃል አገኘነው፣ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ፣
ዝናብ ሞልቶት፣ ድንቢጥ ስትጠጣበት።
አልተነቃነቀም። እንደዚያው ነው።

የሄዱት ሁሉ «አደራ» ብለው ቁልፍ ሰጡኝ፤
ሠላሳ ሁለት ቁልፍ፣ ሱሪዬን የሚያወርድ።
ቤት እየዞርኩ እከፍታለሁ፣ አናፍሳለሁ፣ እዘጋለሁ።
በኋላ ከሰሜን ሌላ ጦርነት ሌላ ሰው አመጣ፤
ዐረቡም ኩርዱም፣ ፍራሽ በጋሪ፣ ዶሮ በከረጢት፣
አጥሬ ሥር ሁለት ሌሊት በረዶ ላይ አደሩ።
አደራ ከባድ ነው። ሁለት ሌሊት እኔም አልተኛሁ።
በሦስተኛው ቀን ቁልፉን ከወገቤ ፈታሁ፤
«ለጊዜው ነው» አልኳቸው፣
አፌ ውስጥ የሹሞቹ ቃል እየጎመዘዘኝ።

ትናንት ዲልቢን፣ ስድስት ዓመቷ፣
ጣቷን በድንጋዩ ጭረት እየሰደደች
«የልጆችህ ቁመት ነው?» አለችኝ።
በቤታቸው መቃን ላይ እናቷ እንዲህ ትጭር ነበር።
«የወንዝ ነው» ልላት ዞር ስል
ወንዙ የለም፤ ሸምበቆ፣ ጭቃ፣ አንድ የጎማ ጫማ።
«ቁሚ» አልኳት።
ተረከዟን አስጠግታ ቆመች። መሮውን በሱሪዬ ወለወልኩ።
«እንዳትንጠራሪ» አልኳት፤
ተንጠራራች።