ያልተነሣ ቁልፍ

ሳልሚያ፣ ስድስተኛ ፎቅ። የልጁ ኪቦርድ ታሞ፣
«አንዱ ቁልፍ ይጣበቃል» አሉኝ፤ የቱ እንደሁ ማን አይቶ፣ ማን ቆሞ።
ላፕቶፔን በሽቦ አሰርኩት፤ በጥቁሩ መስኮት ላይ
አንዲት መስመር ትእዛዝ ጻፍኩ፦ እስክመለስ መዝግብ፣ እይ።

ጆሮ የሌለው ጸሐፊ ነው፤ ዜማ አያውቅም፣ ቁጥር እንጂ፤
በስንት ጉልበት፣ በማን ባይልም፣ መቼ እንዳረፈ እጅ።

ጠዋት መዝገቡን ገለጥኩት። ስምንት ሰዓት ከሃያ፣ ሌሊት፣
«ድምፅ፦ ዜሮ» ብሎ ይጀምራል፤ ሰው ዘግቶ ተጫውቶበት።
ስልሳ፣ ስልሳ አራት፣ ስልሳ አምስት፣ ስልሳ ሰባት፣ ሰባ አንድ...
ባቲ!
ጉልበቱ ዘጠኝ፣ ቢበዛ አሥር፤
የተኛ ሕፃን ግንባር እንደሚዳሰስ።

መጨረሻ ላይ ሰባ አንድ ወረደ፤ መነሣቱ አልተጻፈም።
ብልሽቱ ተገኘ።

«ማታ ማን ነካው?» አለች እመቤቲቱ።
ዘምዘም መወልወያዋን እንደያዘች ቀረች፣
ውኃው ምንጣፉ ላይ ጠብ፣ ጠብ።
«ማንም» አልኩ። «ማሽኑ ራሱን ሲፈትሽ ነው።»

ቁልፉን ጠርጌ አስነሣሁት። ፋይሉን አላጠፋሁም።
አምስት ዲናሬን ተቀብዬ ወጣሁ፤
የሊፍቱን ቁልፍ ስነካው
በዘጠኝ ጉልበት ነበር።